በፋጤ አናት ላይ የቀባሁት

ሰሞኑን የልጄ ሚስት ሕፃኑን ይዛ ቆላ ልትወርድ ስትሰናዳ ከቦርሳዋ አንድ ቱቦ አወጣችና የልጁን ፊት፣ ክንድ፣ ጣቶቹን ሳይቀር ትለቀልቀው ጀመር።

"ምንድን ነው እሱ?" አልኳት።

"የወባ ትንኝ መከላከያ ነው፣ እማማ።"

"ጽሑፉ ምን ይላል?"

"እኔ እንጃ! ሰው ሁሉ ይቀባው የለ?"

በቃ፣ ደሜ ፈላ። ጮህኩባት። ቱቦውን ከእጇ ነጠቅኋት። ልጅቱ ደንግጣ አለቀሰች፤ ልጄም ከጓዳ ወጥቶ "እማ፣ ምን ነካሽ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ አሮጊቷ ነገር ፈላጊ ሆናለች ይላል። ይበል! ምን እንደነካኝ ግን አንዴ ደህና አድርጌ ልናገርና ይለይልኝ። እናንተም ልጅ ያላችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ያኔ እኔ ዓመት የምቆጥረው በአዝመራና በወሊድ ነበር። ቤታችን መካነ ሰላም ዳር ላይ ነው። ባሌ ሙሄ ከአባቱ የደረሰችው ቁራጭ መሬት ግን ወደ አባይ ስትወርዱ ቆላው ውስጥ ናት፤ ማሽላ እናበቅልባታለን። ፋጤ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ሁለት ዓመት አልፏት ሦስተኛውን ጀምራለች፤ ጡት ግን አልጣለችም። እኔ ራሴ ከልጅነት አልወጣሁም፤ ከተዳርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። ፊደል አላውቅ፣ ከመካነ ሰላም ገበያ አልፌ አላውቅ።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ የሚፈራው ወባን ነው። ባለፈው አዝመራ የሙሄ እህት ልጇን ይዛ ወርዳ በወጡ በሳምንቱ ልጁን ቀብራዋለች። ስለዚህ ያን ዓመት ማሽላው ደርሶ ሙሄ "እንውረድ" ሲለኝ መላ ጠፋኝ። ፋጤን ትቻት እንዳልሄድ ጡት አለ፤ ይዣት እንዳልሄድ ወባ አለ።

በዚህ መሃል ነው ይመር የመጣው። ይመር የሙሄ የአጎት ልጅ ነው፤ ለእኔ ዋርሳዬ። ያን ጊዜ የትንኝ መድኃኒት ቤት ለቤት የሚረጩ ሰዎች ወደ ቆላው መጥተው ነበርና እሱም አብሯቸው ተቀጠረ። ካኪ ሱሪ፣ ካኪ ሸሚዝ ለበሰ። አይ ካኪ! ትናንት አብሮን ያጭድ የነበረ ሰው ካኪ ሲለብስ የሚናገረው ሁሉ የመንግሥት ቃል መሰለን።

"እታለሜ፣ ፋጤን ልታወርጃት ነው?" አለኝ።

"ምን ላድርጋት ዋርሳዬ? ጨንቆኛል።"

"አብሽሪ!" አለና ከኪሱ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት አወጣ። "ይቺን በቅቤ ለውሰሽ አናቷን፣ አንገቷን፣ እጅ እግሯን ቀቢያት። ትንኝ ዝር አይላትም።"

"ለልጅ ይሆናል?"

"ለቤት የሆነ ለልጅ አይሆንም?" ብሎ ሳቀ።

ለቤት የሆነ ለልጅ አይሆንም! እስቲ ስሙት! ልጄ ግድግዳ ናት እንዴ? ዛሬ እንዲህ እላለሁ። ያኔ ግን መርቄው፣ ሁለት እንቁላል በእጁ አስይዤ ሸኘሁት።

ወረድን። አማቴ እማ ዘምዘምም ፋጤን ሊጠብቁልን አብረውን ወረዱ። ማሳው ዳር ዳስ ጣልን። እኔ ከደጋ ያመጣሁትን ለጋ ቅቤ በቅል ላይ አድርጌ፣ ዱቄቱን አፍስሼበት፣ በጣቴ እስኪዋሃድ አሸሁት። ጠዋትና ማታ ልጄን እቀባለሁ። ያውም ቁንጥር አድርጌ መሰላችሁ? አናቷን ደፈንኩት፤ ቁንጮዋ እስኪተኛ ድረስ። የተረፈውን በክንዷ፣ በጣቶቿ። እሷም የልጅ ነገር፣ ጣቷን ትልሳለች። ቅቤ ነዋ! ቅቤ የላሰ ልጅ ማን ይቆጣል?

ትንኝ አልነካትም፤ እውነቱን ልናገር። እኔና ሙሄ ሌሊቱን ስናክ እናድራለን፣ እሷ ጸጥ ብላ ትተኛለች። ደስ አለኝ። እናንተዬ፣ ደስ አለኝ! ይመርን በየቀኑ እመርቀው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፋጤ ስትነሳ ትነጫነጫለች። ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ታሻለች። "እማ፣ አፌ፣ አፌ" ትላለች። አየሁት፤ ቁስል የለ፣ ምን የለ። እማ ዘምዘም ማንኪያ ጥለው ኳ ሲል ልጅቱ ከመቀመጫዋ ዘለለች። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ውኃ ሰጠኋት፤ ኩባያውን መያዝ አቅቷት ደረቷ ላይ ደፋችው።

"በርዷት ነው" አልኩ። በዚያ ቆላ፣ በዚያ ፀሐይ!

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጅ እግሯ ተንዘፈዘፈ፣ ጥርሷ ተገጠመ። ጩኸቴን ሰምቶ ሙሄ ማጭዱን ጥሎ ሮጠ። እማ ዘምዘም ግን አልጮሁም። ፋጤን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስተኟትና "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" እያሉ እፍ ይሉባት ጀመር።

"የቀትር ጂኒ ነው" አሉ። "ጥላ ሥር አውያት ብዬሽ ነበር። አሁን አናቷ ተቃጥሏል። ቅቤ አምጪ፣ ቶሎ!"

ይህን የማያውቅ ወሎዬ አለ? አናት ሲግል፣ ልጅ ሲደነግጥ፣ ራስ ሲመታ መድኃኒቱ ቅቤ ነው። እናቴም ለኔ ያደረገችው ነው። ሮጥኩ። ዳሱ ውስጥ ያለው ቅቤ ደግሞ ያ በቅሉ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። በእፍኜ ዘግኜ በአናቷ ላይ አደረግሁላት።

መንዘፍዘፉ ጋብ አለ። "አያችሁ!" አሉ እማ ዘምዘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ብሶ መጣ። እኔም ደገምኩ። ሦስተኛ መጣ፣ ሠለስኩ። እስኪመሽ ድረስ ልጄን በገዛ እጄ፣ እያለቀስኩ፣ "አይዞሽ የኔ እናት" እያልኩ ቀባኋት። በየመሃሉ ጡት አጎርሳታለሁ፤ በዚያው በቅቤ እጄ ጡቴን ይዤ። ሌሊቱን አልተርክላችሁም፤ አልችልም።

ገና ሲነጋጋ ሙሄ ልጅቱን በጋቢ አዝሎ ዳገቱን ተያያዘው። እኔና እማ ዘምዘም ከኋላ። ያን ዳገት የወጣ ያውቀዋል፤ ባዶ እጅህን እንኳ ልብ ያፈርሳል። ሙሄ አንዴም አላረፈም። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የፋጤን እግር ብቻ ነው። ሲንዘፈዘፍ እጮሃለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ብሶብኝ እጮሃለሁ።

ዳገቱ አፍ ላይ ስንደርስ እማ ዘምዘም ወደ ሸህ ሰይድ ቤት ካልገባን አሉ። ሸህ ሰይድ ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። "ጂኒውን ሸህዬ ያስለቅቁልናል፤ መርፌ ጂኒን ያስቆጣል" አሉ። ሙሄ እሺ አለ። ምን ያድርግ፣ እናቱ ናቸው።

ሸህ ሰይድ ሊቀሩባት እጃቸውን አናቷ ላይ ሊጭኑ ጎንበስ አሉና ቆም አሉ። አሸተቱ።

"ይህ ሽታ ምንድን ነው?"

"ቅቤ ነው ሸህዬ" አልኩ።

"ቅቤማ አውቃለሁ። ከቅቤው ጋር ያለው?"

"የትንኝ መድኃኒት ነው። ይመር የሰጠኝ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው ሙሄን አዩት። "ዱኣውን ለኔ ተዉልኝ። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ አደርጋለሁ። እናንተ ግን አትቀመጡ፣ ውኃም አትጠጡ። ወደ መርፌ ቤቱ ሩጡ!"

እማ ዘምዘም ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ። "ዘምዘም፣ ሂጂ ብያለሁ!" አሏቸው። አማቴን እንዲህ የተናገራቸው ሰው ያን ቀን አየሁ።

መካነ ሰላም ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። መርፌ ወጊው፣ ድሬሰሩ፣ ታደሰ የሚባል የደሴ ክርስቲያን ነው፤ ቁጡ፣ ቃል የማያባክን። ልጅቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኛትና ጥያቄውን አከታተለው።

"ምን በላች?"

"ምንም።"

"ምን ቀባችኋት?"

"ቅቤ።"

"ቅቤ ብቻ?"

ሙሄ እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዱቄቱን፣ ቅሉን፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ የደጋገምኩትን።

"በቅቤ?" አለ። "በቅቤ ለውሰሽ?" ጭንቅላቱን ያዘ። "አንቺ ሴት፣ ዱቄቱ ብቻውን ቢሆን ግማሹ በረገፈ። ቅባት ሲያገኝ እኮ ይሟሟል፣ በቆዳ አልፎ ሰውነት ውስጥ ይገባል! የመጣበት ከረጢት ላይ የራስ ቅል ተስሏል። ለምን ይመስልሻል? ፊደል ለማያውቅ ሰው ነው የሳሉት!"

እኔ ከረጢቱን መች አየሁት? እኔ ያየሁት የደብተር ወረቀት ነው። ይመር ዱቄቱን ሲያካፍል ስዕሉን እንኳ ነፈገን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም እርር ድብን እላለሁ።

"ፀጉሯ ይላጭ" አለ ድሬሰሩ፤ መቀስ አነሳ።

እማ ዘምዘም እንደ ነብር ተነሱ። "አይነካም! የስለት ነው!" የፋጤ ቁንጮ እውነትም የስለት ነበር። እኔ በምጥ ሦስት ቀን ስሰቃይ፣ ልጁ በደህና ከተወለደ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቁንጮው ላይነካ፣ ሲሞላው በመውሊድ ቀን ሊቆረጥ ብለው የተሳሉት እሳቸው ናቸው። ስለት ማፍረስ ማለት ለእሳቸው ልጅቱን በእጃቸው መግደል ነው።

"እማማ፣ መርዙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው" አላቸው ድሬሰሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሳሙና ባጥበውም አይለቅም። ይምረጡ።"

እማ ዘምዘም የልጅቱን አናት አዩ። ከዚያ "መቀሱን ወዲህ በል" አሉ። "ስለቱን የተሳልኩት እኔ ነኝ። አላህ ከጠየቀ እኔን ይጠይቀኝ፣ አንተን አይደለም።" ቁንጮውን ራሳቸው ቆረጡት። ዕንባቸው ፋጤ ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ከዚያ በሳሙና አጠብናት። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፤ ድሬሰሩ አሸትቶ "ገና ነው" እያለ ያስደግመናል። እኔንም "ክንድሽን እስከ ብብትሽ፣ ጡትሽንም ጭምር ታጠቢ፤ ልብሷን አውጥተሽ ጣይ" አለኝ። ጡቴን! እኔ ስንት ጊዜ አጎረስኳት! የሚያስተኛ መርፌ ወጋትና መስኮቱን ዘግቶ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስተኛት። ድምፅ የሚያሰማ ሰው ካለ ወዮለት።

የጎረቤቱ ደግነት ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ሰው ሁሉ ወተትና ቅቤ ይዞ መጣ። መርዝ ወተት ያበርደዋል፣ ድንጋጤ ቅቤ ያበርደዋል እየተባለ። ድሬሰሩ በሩ ላይ ቆሞ ያባርራል፤ "ቅባት የሚባል ነገር አንድ ጠብታ እንዳይገባ! መርዙን የሚያጓጉዘው እሱ ነው!" አንዳንዷ ተቀይማው ሄደች። እኔ ግን በልቤ እግሩን እስም ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆንን። ትንቀጠቀጣለች፣ ትተኛለች፣ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ሙሄ ደጅ ላይ ተቀምጦ አፈር በጣቱ ይጭራል፤ ለእኔ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። ራሷን በእጇ ዳበሰችና ቁንጮዋን ስታጣው ፊቷ ቁጥር አለ።

"እማ፣ ራበኝ" አለች።

አልሀምዱሊላህ! ኡኡ ብዬ ልጮህ ስል ድሬሰሩ አፌን ያዘኝ። እሱም ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ኋላ ቢክድም አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ሳምንት ሳይሞላ ይመር ሸህ ሰይድንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ ለዕርቅ መጣ። ያችን ካኪ ለብሶ! አንደኛው ሽማግሌ "ቀደር ነው፣ የአላህ ሥራ ነው፤ እሱም ለመልካም ብሎ ነው፤ ልጅቱም ተርፋለች" አሉ። ሙሄ አንገቱን ደፋ። እኔ ከጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ሴት በሽምግልና መሃል አትናገርም፤ እኔ ግን አንድ ነገር አንቆኛል።

"አንድ ነገር ልጠይቀው" አልኩ። "ይመር፣ የራስህን ልጆች ቀብተሃቸዋል?"

"የኔን ልጆች?" አለ።

"አዎ፣ ያንተን። አንተም ሦስት አሉህ። ትንኝ አያውቃቸውም?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም፤ የዋህ ነው ወይስ ደደብ፣ እስካሁን አልገባኝም። "ኧረ እኔስ ቤቴም አላስገባው" አለ። "ከቤት እንዳታስገቡ፣ ሳትታጠቡ እንዳትበሉ ብለው አስጠንቅቀውን የለ?"

ሙሄ ብድግ ብሎ ዱላውን አነሳ፤ ሸህ ሰይድ ክንዱን ባይዙት የዚያን ቀን ሌላ ለቅሶ ነበር። እኔስ? እኔ የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም። ያውቅ ነበር! የእሱን ልጆች ከልክሎ ለእኔ ልጅ በወረቀት ጠቀለለላት። አብሽሪ አለኝ። ሳቀ!

ሽማግሌዎቹ በግ ይካስ አሉ። "በግ አልፈልግም" አልኩ። "የገበያ ቀን መሃል ላይ ቆሞ ይህ ዱቄት መርዝ ነው፣ ለልጅ አይቀባም፣ እኔ እያወቅሁ ሰጥቻለሁ ይበል። ያኔ እንታረቃለን።"

"ወንድን ልጅ በገበያ ማዋረድ ነውር ነው" አሉ ያው ሽማግሌ።

ይህን ጊዜ እማ ዘምዘም ከኋላዬ መጡ። "ነውር?" አሉ። "እኔ የስለት ቁንጮ በመቀስ የቆረጥኩ ሴት ነኝ። ከዚያ የበለጠ ነውር ካለ ንገሩኝ። ይናገር!" ሸህ ሰይድ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሽገው "ይናገራል" ብለው ፈረዱ።

በገበያ ቀን ሸህ ሰይድ ይመርን በእጁ ይዘው ከእህል ተራውና ከቅቤ ተራው መሃል አቆሙት። ሰው ከበበው። አጉተመተመ።

"ድምፅህን አውጣ!" አልኩት።

ተናገረ። መርዝ ነው አለ። ለልጅ አይቀባም አለ። እያወቅሁ ሰጥቻለሁ ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሰው ሊያጉረመርም ሲጀምር ከሴቶቹ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ የደብተር ወረቀት ጥቅልል አውጥታ እግሩ ሥር ጣለች። ሌላዋ ፈታች። ከዚያ ሌላዋ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር! ከዚያ ሁሉ ሴት፣ እስላም ነሽ ክርስቲያን ነሽ፣ ወረቀቱ እየተፈታ ይወድቅ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ እግሩ ሥር ክምር ሆነ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ግን ምንም አልጣለችም። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘፍ አለችና በቀሚሷ ጫፍ አናቱን ትጠርግ ጀመር፤ ቅቤው በፀሐይ ያብለጨልጫል። ድሬሰሩ ዘንድ እንውሰድሽ ብለን ስንሻማ፣ ደንግጣ ይሁን ፈርታ፣ ልጇን ታቅፋ በሰው መሃል ሹልክ ብላ ወደ ወግዲ መንገድ ሮጠች። ተከተልናት፤ ከገበያተኛው ጋር ጠፋችብን።

እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ። ማንበብ ተማርኩ፤ አርጅቼ፣ ከልጆች ጋር እየተገፋፋሁ። ለልጆቼ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ይነበብልኝ፣ አለዚያም የሰጠኝ ሰው መጀመሪያ ለልጁ ይስጥ እላለሁ። የትንኝ መከላከያ አልጠላም። ወባ ልጅ ትገድላለች፤ ትንኝን መከላከል ደግ ነው። ግን ለሰው ቆዳ የተሠራው ሌላ፣ ለግድግዳ የተሠራው ሌላ ነው! ለልጅ መሆኑን፣ ለስንት ዕድሜ መሆኑን፣ በቀን ስንቴ መሆኑን ከጽሑፉ አንብቡ። ማንበብ ካልቻላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዳችሁ ጠይቁ፤ አራስ ሕፃንማ ሳትጠይቁ አትንኩ። መጀመሪያ በገዛ መዳፋችሁ አድርጉና እናንተው በስሱ ቀቡ፤ ቱቦውን ለልጅ አታስይዙ። ዓይኑ አጠገብ፣ አፉ አጠገብ፣ ቁስል ላይ አይሆንም። ጣቱን አትቀቡት፤ ልጅ ጣቱን እንደሚልስ እኔ ልንገራችሁ? ከቅቤም፣ ከዘይትም፣ ከምንም አታደባልቁት። ቤት ሲገባ በሳሙናና በውኃ እጠቡለት። ይኸው ነው! ይህን ለማወቅ የእኔን መከራ ማየት አያስፈልጋችሁም።

ፋጤ ደህና ናት፤ አግብታ ወልዳለች። ሰዎች አሁንም "ሀዋ፣ ይመርንኮ አላህ ይማረው በይው፤ ሞቶ የለ?" ይሉኛል። ባለማወቅ የሆነውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ፤ ራሴንም፣ በመከራ። ስለ ይመር ስትጠይቁኝ ግን እኔም እጠይቃችኋለሁ፦ በወግዲ መንገድ የሮጠችው ሴት፣ የታቀፈችው ሕፃን ምን ሆነ? ስሟን አላውቅም፣ አገሯን አላውቅም። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሴቱን ሁሉ ፊት ፊቱን አይ ነበር፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት። አላገኘኋትም።